ኦቦ ቀጀላና የእድሩ ካሜራ

ድንቅቱማ እድሩ ስብሰባ ላይ በቀጥታ «ሰረቀ» አላለችም፤ ያን ያህል ሞኝ መሰለችሽ? «ቁልፉ ያለው አንድ ሰው ጋ ነው» ብላ ነጠላዋን አስተካክላ ቁጭ አለች። በቃ። ሁለት የእድር ብረት ድስት፣ ያ ለመቶ ሰው ወጥ የሚሠራበት፣ ከቀጀላ ግቢ ጠፍቶ የእድሩ ሰው ሁሉ ዞሮ ቀጀላን አየው።

ቀጀላ እንግዲህ አሥራ አንድ ዓመት የእድሩን ንብረት፣ ድንኳኑን፣ አግዳሚውን፣ ሳህኑን፣ ጓሮው ባለችው ክፍል ያኖረ ሰው ነው። ዕድሜውን የፈጀው አምቦ ገበያ ጥግ ሬዲዮ ሲጠግን ነው። ለዚህ ለእድሩ ሥራ ደመወዝ የለው፣ ምን የለው። የነበረችው «ቀጀላ ጋ ከተቀመጠ አይነካም» የምትባለዋ ነገር ብቻ ነበረች። እሷ ከሄደች ለቅሶ ቤት በምን ፊቱ ይቀመጣል?

ልጁ ጂቱ ይህን ሰምታ ከአዲስ አበባ ካሜራ ላከችለት። ሚስቱ ፍቅርአዲስ ካርቶኑን አየችና፣

«ባለሙያ ጥራ። ከመሰላል ወድቀህ ድንኳኑን ለራስህ እንዳናወጣው» አለችው።

«የማላውቀውን ሰው ጠርቼ ጓዳ ጎድጓዳውን ላሳየው? ደግሞ እኔ ሽቦ ከሰው ልማር?»

ካቻቢቴውን በጥርሱ ነክሶ መሰላሉ ላይ ወጣ። እሷ ከታች ካሜራው የሚያሳየውን በስልኩ ታያለች።

«በሩ ታየኝ። የጎኑ መስኮት ግን የለም።»

«እሱ ከዚህ አይታይም፤ ምን ይደረግ» አለና ድሪሉን ሊያስነሳ ሲል እጁ ቆመ።

እዚያው መሰላሉ ላይ አሰበ። መስኮቱ እንደማይታይ የሚያውቀው ማነው? እሱ። ስልኩ በማን እጅ ነው? በሚስቱ። ነገ ሌላ ድስት ቢጠፋ ድንቅቱ ምን ትላለች? ካሜራው ሌባውን ይይዝለት ይሆናል፤ እሱን ግን ነጻ አያወጣውም። ራሱ ሰቅሎት፣ ራሱ አዙሮት፣ ማን ያምነዋል?

«ምነው፣ ዞረብህ?» አለች ፍቅርአዲስ።

«መስቀሉንስ እችላለሁ። እኔ መስቀል የለብኝም እንጂ» አለና ወረደ።

እሁድ ስብሰባ ላይ ካርቶኑን ወስዶ ድንቅቱ ጭን ላይ አስቀመጠው።

«የሚሰቅለውን አንቺ ፈልጊ። የት የት እንደሚያይም አንቺ ንገሪው። የሚታየውም ባንቺ ስልክ ይሁን።»

«አንተ ቀጀላ! ዘበኛ ልታደርገኝ ነው እንዴ?»

«እስካሁንስ ያለ ካሜራ ስትጠብቂኝ አልነበር?»

ሰዉ ሳቀ፤ እሷም ሳቀች፤ ካርቶኑን ግን አልመለሰችም። በሳምንቱ ከጊንጪ ሰው አስመጥታ በሩንም መስኮቱንም እንዲያይ አድርጋ አሰቀለችው። ድስቶቹ እስከ ዛሬ አልተገኙም፤ የቁልፉን ነገር ግን ድንቅቱ ደግማ አላነሳችም።

ቀጀላ ነው ያልተወው። ከዚያች ክፍል በወጣ ቁጥር ካሜራው ፊት ይቆምና ምንም እንዳልያዘ እንዲታይ ሁለት እጁን ወደ ላይ ያነሳል። ማንም አላዘዘውም። ታዲያ አንድ ማለዳ ዝናብ በጣራው ገባና፣ ድንኳኑ እንዳይርስ ከአልጋው ዘሎ፣ ሱሪ ሳያጠልቅ ጋቢውን ወገቡ ላይ ጠቅልሎ በእጁ እንደያዘ ሮጠ። ድንኳኑን አሽሽቶ ሲወጣ እንደ ልማዱ ካሜራው ፊት ቆመ። ሁለቱንም እጁን አነሳ። ጋቢው ወረደ።

ድንቅቱ ለማንም አላሳየሁም ትላለች። የሰፈሩ ሴት ሁሉ ግን የቀጀላ ሙታንታ ሰማያዊ መሆኑን ያውቃል።