ሳትሞት የተጻፈ የሕይወት ታሪክ

ሥራዬ የሰው ወረቀት መጻፍ ነው። ዲላ ውስጥ፣ ከዩኒቨርሲቲው ወረድ ብሎ ባለ ጠባብ ቤት፣ ሁለት ኮምፒዩተርና አንድ የሚያቃስት ፎቶ ኮፒ ማሽን ይዤ ቁጭ እላለሁ። ቁጭ እላለሁ ማለቴ እንኳን ውሸት ነው፤ እኔ ቁጭ ማለት አልችልም። ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፉን ያመጣል፣ ሥራ ፈላጊ ሲቪ ያሠራል፣ ሰው የሞተበት ደግሞ ቀብር ላይ የሚነበበውን የሕይወት ታሪክ ያስጽፋል። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባ ነጥብ አልመጣልኝም፤ ግን እጄ ፈጣን ነው፣ አማርኛዬም ደህና ነው ይባላል። በዚያ ላይ መዘምራን ውስጥ ያደግኩ የቤተ ክርስቲያን ልጅ ስለሆንኩ ቃሉን አውቀዋለሁ። በሰፈራችን ሰው ሲሞት መጀመሪያ የሚጠሩት ድንኳን ተካዮቹ ናቸው፣ ቀጥሎ እኔ።

የሕይወት ታሪክ ከሲቪ ብዙም አይለይም። የትውልድ ቦታ፣ የልጆች ብዛት፣ «ሰው ወዳድና እንግዳ ተቀባይ ነበሩ»፣ «ባደረባቸው ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው»፣ ከዚያ የመጨረሻው መስመር፦ «ወደሚወዱት ጌታቸው ተሰብስበዋል»። ኮምፒዩተሬ ላይ ፎርሙ ተዘጋጅቶ ተቀምጧል። ስሙንና ሥራውን ቀይሬ ማተም ነው።

እምነቴን ያጣሁት እዚያው ኮምፒዩተር ፊት ነው። ማንም አልበደለኝም። ፓስተር አላስከፋኝም፣ መጽሐፍም አላሳሳተኝም። አንድ ጠዋት አብራኝ የተማረች ልጅ ሞታ የእሷን እየጻፍኩ ነበር። የመጨረሻው መስመር ላይ ስደርስ በውስጤ «እውነት?» አልኩ። በቃ። መልስ የሚሰጠኝ ነገር ጠበቅኩ፣ አልመጣም። መስመሩን ግን ጻፍኩት፤ እናትየዋ አጠገቤ ቆማ ነበር። ከዚያ በኋላ ለወራት መጸለይ ሞከርኩ። መብራት በሄደበት ቤት ማብሪያውን ደጋግሞ እንደ መጫን ነበር።

ፍርሃቱ የመጣው ቆይቶ ነው። ድሮም ሞትን እፈራ ነበር፤ ግን ያኔ የምፈራው ሲኦልን ነው። ሲኦል ውስጥ ቢያንስ እኔ አለሁ። አሁን የምፈራው እኔ የሌለሁበትን ነው። ማሽኑ ላይ ቆሜ የሰው መታወቂያ ፊትና ጀርባውን እያገላበጥኩ፣ «አንድ ቀን አትኖሪም» የሚል ነገር ዱብ ይልብኛል። ላብ ያጠምቀኛል። ወጥቼ እቆማለሁ፣ ማስቲካ እገዛለሁ፣ የባጃጆችን ታርጋ አነባለሁ። ስመለስ ደንበኛው «እህቴ፣ መታወቂያዬን ይዘሽብኝ ጠፋሽ እኮ!» ይለኛል።

ያልሞከርኩት የለም። ጠዋት ጠዋት መሮጥ ጀመርኩ፤ ልቤ ሲደልቅ አሁን ሊቆም ነው እያልኩ ስደነግጥ ተውኩት። ቡና አቆምኩ፤ ዲላ ውስጥ ቡና አቆምኩ ያለ ሰው እንዴት እንደሚታይ የዲላ ሰው ያውቀዋል። ቤተ ክርስቲያን ተመልሼ የኋላ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። መዝሙሩ አሁንም ቆዳዬን ያቆመዋል፤ ከቆዳዬ አልፎ ግን አይገባም። አንዴ ከአዲስ አበባ ለመጣ ተማሪ ማመልከቻ እየጻፍኩለት አመለጠኝና እንደማላምን ነገርኩት።

«ኤቲስት ነሽ? በናትሽ! አሪፍ ነው» አለኝ፣ አዲስ ጫማ የገዛሁ ይመስል።

«ሞትስ?» አልኩት።

«ያው ስንሞት እንሞታለና። ቺል በይ።»

በጥፊ ልለው ምንም አልቀረኝም። ወረቀቱን ሰጥቼ ሸኘሁት።

በዚያ ሰሞን ነው ጉድ የሠራሁት። አንዲት አሮጊት ሞተው የሕይወት ታሪካቸውን በጥድፊያ አተምኩ። ፎርሙ ላይ ከእሳቸው በፊት የነበሩት ሟች ሰውዬ የመኪና ሰው ነበሩ፤ ስሙን ስቀይር ሥራውን ረሳሁት። ቀብሩ ላይ የሚያነቡልን አንድ ሽማግሌ አሉ፣ ድምፃቸው የሚያምር፣ የሚያነቡትን ግን የማይሰሙ። እኔ ኋላ ጃንጥላ ይዤ ቆሜአለሁ። «እናታችን ለሃያ ዓመታት በከባድ መኪና ሹፌርነት አገራቸውን አገልግለዋል» ብለው በዚያ ድምፅ አነበቡት። መኪና ላይ ለሕክምና ካልሆነ ወጥተው የማያውቁ ሴትዮ! አንዱ ከኋላዬ በአፍንጫው ሳቀ። ልጃቸው ዞሮ አየኝ። ሽማግሌው ቀጠሉ።

ወሬው ከዲላ ወጣ ብላ ያለችው ጪጩ ለመድረስ ግማሽ ቀን አልፈጀበትም። ጪጩ የእናቴ ታላቅ እህት ትኖራለች፤ እናቴ ገበያ ስትውል ያሳደገችኝ እሷ ናት። ያኔ ጉበቷ ታሞ፣ ሐኪሞቹ ቤቷ ትሁን ብለው ከመለሷት ሁለት ወር ሆኗት ነበር። ደወለች።

«ሰማሁ፣ አሮጊቷን ሹፌር አደረግሃት አሉ።»

አክስቴ አፏን የፈታችው በጌዴኦኛ ነው፤ አማርኛዋ ላይ አንተና አንቺ ቦታ ይለዋወጣሉ።

«ተሳስቼ ነው አክስቴ።»

«እኔንም ሳትሳሳትብኝ መጥተህ ጻፍ። በጆሮዬ ሰምቼው ነው የምሞተው።»

እናቴ ስትሰማ ጮኸች። «በቁሟ? የሕይወት ታሪክ በቁሟ? ሟርተኛ! እጅሽ ይቆረጥ!» እኔም እናቴ እንድትከለክለኝ ፈልጌ ነበር። ምክንያቱም፣ እውነቱን ልናገር፣ አክስቴ ከታመመች ጀምሮ እሷ ጋ አሥር ደቂቃ ተቀምጬ አላውቅም። እገባለሁ፣ ሆዷ ተነፍቶ፣ ዓይኗ ቢጫ ሆኖ አያለሁ፣ እግሬ ይነሳል። «ደንበኛ እየጠበቀኝ ነው።» «ባጃጁ ሊሄድብኝ ነው።» እንደዚያ እያልኩ ያሳደገችኝ ሴት ሳላያት ልትሞትብኝ ነበር። ይህንን እያወቅኩ ነው የምሮጠው።

ሄድኩ። ደብተር ይዤ በርጩማ ላይ ተቀመጥኩ።

«አንቱ እንዳትለኝ» አለች መጀመሪያ። «ቆሜ ማንም አንቱ አላለኝም፤ ሬሳ ሆኜ ምን ልሁን ብዬ ነው?»

«እሺ። መቼ ተወለድሽ?»

«ቡና የያዘ ዓመት ነው።»

«ቡና በየዓመቱ ይይዛል አክስቴ።»

«እንደዚያ ዓመት አልያዘም። ጻፍ።»

ጻፍኩ። የመጀመሪያ ባሏን ከአራት ወር በኋላ ጥላው እንደሄደች ተናገረች፣ ምክንያቱን ስጠይቃት «ሲበላ ድምፅ ያሰማል» አለች። እንሰቷን በእጇ እንደተከለች ተናገረች። ዱመርሶ ያለው ቡና ማጠቢያ ስንት ክረምትና በጋ እንደሠራች ስትናገር ግን ድምጿ ተለወጠ። የታጠበው ቡና በእንጨትና በሽቦ በተሠራ አልጋ ላይ ይሰጣል፤ ሴቶች ግራና ቀኝ ቆመው የተሰበረውን፣ የጠቆረውን ይለቅማሉ። ዝናብ ሲመጣ ሮጦ ፕላስቲክ ማልበስ ነው። «እኔ የቆምኩበት አልጋ አንድም ቀን አልረጠበም። ጻፍ። አስምርበት።»

በመሃል ሦስቴ ተነሳሁ። አንዴ ውሃ ልጠጣ ብዬ፣ አንዴ ስልክ ተደወለ ብዬ፣ አንዴ ያለ ምክንያት። ስመለስ ጠብቃኝ ካቆመችበት ትቀጥላለች።

በሳምንቱ አንብቢልኝ አለች። አነበብኩላት። ባሏ ላይ ሳቀች፣ ዝናቡ ላይ ዝም ብላ ሰማች። ከዚያ ጨረስኩ፣ ደብተሩን ዘጋሁ።

«የመጨረሻው የታለ?»

«የቱ?»

«ጌታ ጋ የምሄድበቱ። ለሁሉ ሰው ትጽፈው የለ እንዴ? ለእኔ ሲሆን ቀለም አለቀ?»

በሩን አየሁ።

«ለሌላው እጽፈዋለሁ። አንቺን መዋሸት አልቻልኩም።»

ከዚያ በጣም ቀስ ብላ፣ «ውሸት ነው?» አለች።

«አላውቅም። እኔ ማመን አቁሜአለሁ። ቆይቻለሁ።»

«እናትህ ታውቃለች?»

«ብታውቅ ትገድለኛለች።»

«ትገድልሃለች» አለች፣ ሳቅ ሞክራ ሳል ሆነባት። ሳሉ ሲለቃት፣ «ታዲያ ስትሞቺ የት ነው የምትሄጂው?»

«የትም።»

«የትም?» ባጃጅ የማይሄድበት ሰፈር የነገርኳት ይመስል ግንባሯን ቋጠረች።

«የትም። እሱን ነው የምፈራው። ሌሊት አይደለም፣ በጠራራ ፀሐይ ነው የሚይዘኝ። አንቺን ሳይሽ ይብሳል። ለዚህ ነው የምነሳው።»

አክስቴ ትራሷ ላይ ዞር ለማለት ታገለች። ደገፍኳት። ዓይኖቿ እንባ ይዘው ነበር፤ የተቆጣች መስሎኝ ነበር።

«እኔ እኮ» አለች፣ «ሸተትኩት ብዬ ነበር። ጠረኔን ጠልቶ ነው የሚሮጠው ብዬ በየቀኑ ሁለቴ ታጠብኩ።»

በሕይወቴ እንደዚያ አፍሬ አላውቅም። ለካ ያ ሁሉ ወራት እኔ ስለ ሞት እያሰብኩ፣ እሷ ገላዋን እያሸተተች ነበር። በዚያ በተነፋ ሆዷ፣ በየቀኑ ሁለቴ።

«አትሸቺም አክስቴ።»

«አሁን አወቅኩ።» አንገቴን ስባ አስጠጋችኝ። «እኔም እፈራለሁ፤ ታውቃለህ?»

«አንቺ? አንቺ እኮ ታምኛለሽ!»

«አምናለሁ። እፈራለሁም። ያመነ አይፈራም ያለህ ማነው? ፓስተሩ? እሱ ጉንፋን ሲይዘው አይደል እንዴ ሐዋሳ ድረስ የሚሮጠው!» ትንፋሿን ሰበሰበች። «እኔ ጌታ አለኝ። አንተ ማን አለህ? ከእኔ የባሰብህ አንተ ነህ።»

ልትሞት የተዘጋጀች ሴት ለእኔ አዘነች። ሐዘኗ ስለሚገባኝ ተናደድኩ። መስመሩን እንድጽፈው ፈልጋ እንደሆነ ጠየቅኳት፤ ከፈለገች ዓይኔን ጨፍኜ እጽፈዋለሁ።

«ተወው። ያንን የሚናገር ሞልቷል። አንቺ ያየሽውን ብቻ ጻፊ። ካቦውን በጥፊ ያልኩት ላይ ጨርሰው።»

ካቦው የሠራተኞች አለቃ ነው። ነፍሰ ጡር የሆነች ለቃሚ ቁጭ ብላ ስላገኛት በፀጉሯ ጎትቶ አስነሳት፤ አክስቴ አጮለችው። ያን ዓመት ተባረረች። በሚቀጥለው ዓመት እንደ እሷ የሚለቅም ጠፍቶ ቤቷ ድረስ መጥተው ለመኗት፣ ሥራዋ ላይ ተመለሰች። እዚያ ላይ ጨረስኩት።

ከዚያ ወዲህ በየቀኑ የምሳ ሰዓት ሱቁን ዘግቼ ጪጩ እሄድ ነበር። ፍርሃቱ ቀረ ማለቴ አይደለም። ሲይዘኝ ግን «መጣ» እላታለሁ።

«ይምጣ። መቀመጫ የለም በለው።»

አንዳንድ ቀን ደግሞ እሷን ይይዛታል። ያኔ አታወራም፤ ትንሿን ጣቴን ይዛ ትጨምቃለች፣ ዓይኗ ጣሪያው ቆርቆሮ ላይ ይሆናል። በፈረቃ ፈራን። አንዷ ስትፈራ ሌላዋ ትጠብቃለች። እናቴ አንድ ቀን ገብታ እንደዚያ ስታየን፣ «ምነው፣ ትጸልያላችሁ እንዴ?» አለች። አክስቴ «አዎ» አለቻት፤ እኔን አየችና ጠቀሰችኝ።

የሞተችው ረፋድ ላይ ነው። የእግሯን ጥፍር እየቆረጥኩላት ነበር። ተነፈሰች፣ ቀጣዩን ጠበቅኩ፣ አልመጣም። እንደፈራሁት አይደለም ብል ደስ ይለኝ ነበር፤ እንደፈራሁት ነው። ክፍሉ ውስጥ የነበረ ሰው የለም። እግሬ ሊነሳ ፈለገ። የቀሩት ሦስት ጥፍሮች ነበሩ። ቆረጥኳቸው። ከዚያ እናቴን ጠራሁ።

በማግስቱ ቀብሩ ላይ ያው ሽማግሌ ቆመው በዚያ ድምፃቸው አነበቡ። «የመጀመሪያ ባሏን ከአራት ወር በኋላ ጥላ ሄደች» ሲሉ ሕዝቡ ተንቀሳቀሰ። «አንቱ» የሌለበት የሕይወት ታሪክ ሰምተው አያውቁም። የዝናቡ ላይ ሲደርሱ ዱመርሶ አብረዋት የሠሩ ሴቶች «እውነት ነው! እውነት ነው!» እያሉ ደረታቸውን መቱ። ጥፊው ላይ አንዷ እልል አለች፣ ቀብር ላይ፤ ወዲያው አፏን በነጠላዋ ያዘች። ሽማግሌው ወረቀቱን ገለበጡ። ጀርባው ባዶ ነው። ቀና ብለው፣ «ወደምትወደው ጌታዋም ተሰብስባለች» አሉ። ሕዝቡ «አሜን» አለ። እናቴም አለች።

ሰው መበተን ሲጀምር ወደ እኔ መጡ፣ ወረቀቱን አጥፈው ሰጡኝ።

«ልጄ፣ የመጨረሻዋን ረስተሻት ነበር፤ እኔ ሞላሁልሽ።»

«እግዜር ይስጥልኝ» ብዬ ማለፍ እችል ነበር። ስንት ጊዜ እንዲህ አልፌአለሁ።

«አልረሳኋትም ጋሼ።»

ቆመው አዩኝ። የሚያነቡትን አይሰሙም ስል ኖሬ፣ ይህቺን ግን ሰሙ። እናቴ ከእኛ አምስት እርምጃ ላይ ከሴቶቹ ጋር ነበረች።

«እሷ ታውቅ ነበር?» አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

«ታውቅ ነበር። ተዪው ያለችኝ እሷ ናት።»

«እ…» አሉ። ባርኔጣቸውን አስተካከሉ። ስብከት ጠበቅኩ። «ልጨምር ያልኩት እኮ ሌላ ነበር፤ ጥፊው ላይ ድምፄ ጠፋብኝና የለመድኩት ወጣ» አሉና ዓይናቸውን ጠረጉ። ከዚያ እንደ ሁልጊዜው ሽማግሌ ሆኑ፦ «በይ አትቁሚ፣ ሰው ከቀብር እየተመለሰ ነው። እጅ የሚያስታጥብ የለም።»

ቀድሜ ደረስኩ። ድንኳኑ በር ላይ ማስታጠቢያውን ይዤ ቆምኩ። አፈር የነካ እጅ፣ ቡና ለቅሞ የጠቆረ ጥፍር፣ ጠመኔ የያዘ የአስተማሪ ጣት፣ የተንቀጠቀጠ የሽማግሌ መዳፍ፣ በተራ በተራ ይዘረጉልኛል። ከሰልፉ መሃል አንዴ መጣብኝ፣ ይኸ ሁሉ እጅ አንድ ቀን፣ የእኔም፣ ብሎ። «መጣ» አልኩ ለራሴ፣ ጮክ ብዬ ሳይሆን አይቀርም፤ ፊቴ የቆመችው ሴትዮ «ማን መጣ?» ብላ ዞራ አየች።

«ማንም» አልኳት። «እጅሽን አምጪ።»