ዘጠኝ ጊዜ የሚቆም ብስክሌት

ፈንታውን እንቅልፍ የነሳው ጥያቄ አጭር ነበር፦ አሥራ ዘጠኝ ደቂቃ የት ገባ?

የእህቱ ልጅ የትናየት በብስክሌት ልምምድ ጊዜ ከላሊበላ ተነስታ፣ ቁልቁል እስከ ድልድዩ ወርዳ፣ ማዶ ያለውን ረጅሙን ዳገት እስከ ጫፉ ስትወጣ ሦስት ሰዓት ከሃምሳ ደቂቃ ይፈጅባት ነበር። አንድ ቀን ብቻ አይደለም፤ በተዋሰው ሞተር ሳይክል ከኋላዋ እየተከተለ አምስት ጊዜ ለክቶታል። በአምናው ውድድር ዕለት ግን እዚያው ጫፍ ላይ ለመድረስ አራት ሰዓት ከዘጠኝ ደቂቃ ፈጀባት። የኮረኮንች ውድድሩ ደንብ ደግሞ ርኅራኄ አያውቅም። ዳገቱን በአራት ሰዓት ጊዜ ውስጥ ያልጨረሰ ተወዳዳሪ እስከ መድረሻው ኮን አይነዳም፤ ከነብስክሌቱ አይሱዙ ላይ ይጫናል። የትናየት ከሁለት በጎች አጠገብ ተጭና ኮን ገባች። ሁለት ጊዜ የተጫነ ሰው ለሦስተኛ ጊዜ አይመዘገብም። ስለዚህ የዘንድሮው ለእሷ ወይ መግቢያ ነው ወይ መጨረሻ።

ፈንታው ላሊበላ ባጃጅ መቆሚያው አጠገብ የሚሠራ ጎሚስታ ነው፤ ዕድሜው አርባ ሦስት። ከዚያ በፊት አሥራ ሁለት ዓመት የጭነት መኪና ረዳት ሆኖ ከወልድያ ደብረ ታቦር ተመላልሷል። ባለቤቱ አልጣሽ «እሱ የሚቀመጠው ጎማ ላይ ብቻ ነው» ትላለች፤ እውነቷን ነው። ምሳውን ቆሞ ይበላል፤ ሰው እያናገረ እጁ የሆነ ብሎን ሲፈታ ይገኛል። ያ አሥራ ዘጠኝ ደቂቃ ውስጡ ከገባ ወዲህማ ጭራሽ ባሰበት። ደንበኛ የባጃጅ ጎማ ይዞ ሲመጣ እየለጠፈ በመሃል ተነስቶ ይወጣና ግድግዳው ላይ በከሰል ቁጥር ይጽፋል፤ ተመልሶ ይለጥፋል፤ እንደገና ይወጣል።

መጀመሪያ የጠረጠረው ራሱን ነው። በውድድሩ ጠዋት ለቀኑ ክብር ሲል የትናየትን ጎማ ከወትሮው አብልጦ ነፍቶት ነበር። በጭነት መኪና ዘመኑ የተማረው ይህንን ነው፤ ጎማ በብረት ሲመታ እንደ ድንጋይ ካልጮኸ ጭነት አይችልም። ግን ብስክሌት አይሱዙ አይደለም፤ ኮረኮንችም አስፋልት አይደለም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጠጠሩን ትንንሽ ደረጃ አድርጋችሁ አስቡት። በአየር ተወጥሮ የደረቀ ጎማ እያንዳንዱን ደረጃ ይዘለዋል፤ ሲዘል ብስክሌቱንም ሰውየውንም ወደ ላይ ያነሳቸዋል። ያነሳቸው ማን ነው? የነጂው እግር። ወደ ፊት መሄድ የነበረበት ጉልበት ወደ ሰማይ ይሄዳል ማለት ነው። ለስለስ ያለ ጎማ ግን ጠጠሩን ውጦ ያልፋል፤ ነጂው በቦታው እንዳለ ብስክሌቱ ይፈስሳል። ታዲያ ሲበዛም አይሆንም። በጣም የላላ ጎማ ትልቅ ድንጋይ ሲመታ ቸርኬው ድረስ ይጠፈጠፍና ውስጡ ያለውን ከመነዳሪ በድንጋዩና በብረቱ መካከል ቆንጥጦ ጎን ለጎን ሁለት ቦታ ይበሳዋል። ልኩ በሁለቱ መካከል ያለች ጠባብ ቦታ ናት።

ፈንታው ያችን ቦታ ለማግኘት ከከተማው በታች ሁለት ኪሎ ሜትር ኮረኮንች መረጠና የትናየትን ሲያመላልሳት ሰነበተ። አንድ ጊዜ ደረቅ፣ አንድ ጊዜ ትንሽ ለስለስ፣ አንድ ጊዜ ደግሞ ከዚያ ለስለስ።

«አያ፣ ዛሬ ስንተኛዬ ነው?» አለችው፤ አቧራዋን እያራገፈች።

«ስድስተኛ።»

«በቅሎ እንኳ ቢሆን እስካሁን ረግጦህ ነበር።»

በደረቁና በልኩ ጎማ መካከል ያለው ልዩነት በሁለት ኪሎ ሜትር ስምንት ሰከንድ ያህል ሆኖ ወጣ። እስከ ዳገቱ ጫፍ ሲባዛ ሦስት ደቂቃ ይሆናል። ፈንታው ደስ አለው፤ ደስታው ግን ሱቁ እስኪደርስ ብቻ ነው የቆየው። ከአሥራ ዘጠኝ ሦስት ሲቀነስ አሥራ ስድስት ይቀራል። ግድግዳው ላይ 16 ብሎ ጻፈና ዙሪያውን በከሰል እየከበበ ከበበ።

የጎደለው የተገኘው በሐምዳን ነው። ሐምዳን የሐራ ሰው ነው፤ ላሊበላ ባጃጅ መንዳት ከጀመረ ስድስት ዓመት ሆኖታል። ዘንድሮ ሞተር ሳይክሉ ስላልተገኘ ፈንታው የትናየትን የተከተላት በሐምዳን ባጃጅ ነበር። ከከተማ ወጥተው ብዙም ሳይርቁ የመጀመሪያዋ ቤተ ክርስቲያን ከዛፎቿ ጋር ብቅ አለች። የትናየት ከብስክሌቷ ወረደች፤ ወደ ቤተ ክርስቲያኗ ዞራ አማተበችና ሰገደች። ፈንታው ባጃጁ ውስጥ ሆኖ እሱም አማተበ፤ በሌላ እጁ ስልኩን ነካ አድርጎ ሰዓቱን አቆመው።

«ምን ነካህ?» አለው ሐምዳን።

«ወረደች እኮ።»

«ታዲያ?»

«ስትሳለም መንገድ ላይ አይደለችማ። ስትነሳ አስቀጥለዋለሁ።»

ሐምዳን መሪውን ለቆ ዞሮ አየው። «የውድድሩ ዳኞችም ያቆሙታል?»

ፈንታው ስልኩ ላይ የቆመውን ሰዓት አየ፤ ቀና ብሎ የሰገደችውን ልጅ አየ።

«ወላሂ ጥሩ ሰዓት ነው ያለህ» አለ ሐምዳን። «እኔ ለሶላት ስቆም ተሳፋሪው "ይሄ አይቆጠርም፣ አብሽር" ቢለኝ ምንኛ ደስ ባለኝ።»

ፈንታው ያደገው ከአሸተን ማርያም ተራራ ግርጌ ነው። አባቱ ቤተ ክርስቲያን ሲደርሱ ከበቅሎ ወርደው ተሳልመው ሲያልፉ እያየ አድጓል። ረዳት በነበረበት ጊዜ እንኳ ሾፌሩ መኪናውን ቀዝቀዝ ያደርግ ነበር። ላስታ ውስጥ ይህ ጉዞውን የሚያቋርጥ ነገር አይደለም፤ የጉዞው አካል ነው፤ እንደ መተንፈስ። ትንፋሹን በሰዓት የሚቆጥር ማን አለ? አምስቱንም ልምምድ የለካው እንዲህ እያቆመ ነበር። እሷም በውድድሩ ዕለት እንዲሁ እየወረደች ሄዳለች፤ ሰዓቱ ግን እሷን አልጠበቀም።

ያን ቀን ሰዓቱን ሳያቆም ለካ። እስከ ዳገቱ ጫፍ ዘጠኝ አብያተ ክርስቲያናት አሉ። እያንዳንዱ ማቆሚያ ሁለት ደቂቃ ሊሞላ ጥቂት ሰከንድ ይቀረዋል፤ ሁሉም ሲደመር አሥራ ስድስት ደቂቃ። ፈንታው ባጃጁ ሳይቆም ሊዘል ምንም አልቀረው።

ማግኘት ግን መፍታት አይደለም። በማግስቱ ማለዳ አሸተንን በእግሩ ወጣና የነፍስ አባቱን አባ ቃለሕይወትን አገኛቸው።

«አባ፣ እንደ የትናየት በብስክሌት የሚወዳደር ሰው ቤተ ክርስቲያን ሲደርስ መውረድ አለበት ወይ?»

«በበቅሎ ብትሆን ምን ታደርግ ነበር?»

«እወርዳለሁ።»

«ይቺ ብስክሌትስ ነጂው ሳይወርድ ቀጥ ብላ ትቆማለች?»

«አትቆምም፣ አባ። ትወድቃለች።»

«ታዲያ ከበቅሎ ታንሳለቻ» ብለው ሳቁ። ከዚያ አገጫቸውን መቋሚያቸው ላይ አሳርፈው አዩት። «ልጅቱ ከቸኮለች እዚያው ሆና ራሷን ዝቅ ታድርግ፤ ታማትብ። እመቤታችን ልብን ነው የምታየው። ግን አንተን ማን ላከህ? ልጅቱ ናት ወይስ ሰዓትህ?»

«ሰዓቴ ነው፣ አባ» አለ ፈንታው።

ፈቃዱን ይዞ ቁልቁል እየሮጠ ወረደ። በማግስቱ የትናየት የመጀመሪያዋን ቤተ ክርስቲያን ራሷን ዝቅ አድርጋ አለፈች። ሁለተኛዋ ጋ ስትደርስ ቀኝ እጇን ከመሪው አንስታ አማተበች። መሪውን በአንድ እጅ መያዝ አስፋልት ላይ ምንም አይደለም። ኮረኮንች ላይ ግን የፊት ጎማው የሚሄደው ልቅ ጠጠር ላይ ነው፤ ጠጠሩ ወደፈለገው ሊወስደው ሲጎትተው የሚመልሱት ሁለቱ እጆች ናቸው። አንደኛው ሲነሳ መሪው ተጠመዘዘ፤ የትናየት በክርኗ ወደቀች።

ሐምዳንና ፈንታው ሮጠው ደረሱ። ክርኗ ተልጦ ደም አለው፤ እሷ ግን ትስቃለች።

«አያ፣ ለካኸው? ወድቆ መነሳት ስንት ፈጀ?»

«ሦስት ደቂቃ ከሩብ» አለ ሐምዳን፤ ፈንታው ስልኩን የት እንደጣለው እንኳ አያውቅም ነበር። «መውረዱ ይረክሳል።»

ቁስሉን በውኃ እያጠበችው የትናየት ሳቋን ተወች። «ባልወድቅም ኖሮ አይሆንልኝም። የመጀመሪያዋን ሳልወርድ ሳልፍ አንድ ነገር ረስቼ የመጣሁ ይመስለኝ ነበር። ዞሬ ዞሬ አየሁ። ዞሮ እያየ የሚነዳ ሰው የት ይደርሳል? አባን አመስግንልኝ፤ እኔ ግን እወርዳለሁ።»

ፈንታው አልተከራከራትም። ይልቁንም ያን ጊዜ ነው ጥያቄው በትክክል የገባው። እስከዚያ ቀን ይፈልግ የነበረው ቶሎ የሚሄድ ብስክሌት ነበር። የትናየት የሚያስፈልጋት ዘጠኝ ጊዜ ቆሞ ዘጠኝ ጊዜ በደንብ የሚነሳ ብስክሌት ነው። ሁለቱ በጭራሽ አንድ አይደሉም!

ማቆሚያውን ቁርጥራጭ አድርጎ ለካው። ወርዳ ለመሳለም ግማሽ ደቂቃ ትወስዳለች፤ ያንን አይነካውም። ቀሪው ከደቂቃ በላይ የሚጠፋው ብስክሌቱን መልሶ በማስነሳት ነው። አብያተ ክርስቲያናቱ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ስለሚሠሩ መንገዱ አጠገባቸው ሲደርስ ዳገት ይሆናል። ዳገት ላይ ስትነሳ የኋላ ጎማው ጠጠሩን ወደ ኋላ እየረጨ ባለበት ይሽከረከራል፤ ፔዳሉም ይከብዳል። መጨረሻ ላይ ብስክሌቷን እየገፋች ሜዳ ትፈልጋለች። የጠፋው ደቂቃ እዚያ በእግር የተሄደው ነው።

ለውድድር የተሠራ ብስክሌት ቀጭን ጎማና ከባድ ማርሽ አለው፤ አንዴ ከተነሳ ይበርራል፤ መነሳቱ ነው ጭንቁ። የተራራ ብስክሌት በተራው ድንጋይ ይንቃል፤ ግን ክብደቱና ወፍራም ጥርስ ያለው ጎማው ቁልቁሉ ላይ ደቂቃ ይበላሉ። ለኮረኮንች የሚስማማው በሁለቱ መሃል ያለ ነው። እንዲህ ያለ ተሠርቶ የሚሸጥ ላሊበላ የለም፤ ስለዚህ ፈንታው ከሦስት የሞቱ ብስክሌቶች አንድ ሊያስነሳ ተነሳ። ከአንዱ የተራራ ብስክሌት ትንሿን የፊት ማርሽ ወሰደ፤ የፊቷ ማርሽ ባነሰች ቁጥር ዳገት ላይ እግር ይቀለዋል። ሰፋ ያለ ጎማ አገባ፤ የቀድሞው ብስክሌት ሰፊ ጎማ የሚያስገባ ክፍተት አልነበረውም። አካሉን ደግሞ ሴቶች በቀሚስ እንዲወጡበት መሃሉ ዝቅ ተደርጎ ከተሠራ ብስክሌት አገኘው፤ እግሯን ወደ ኋላ ሳታነሳ በመሃል አሻግራ ትወርዳለች፣ ትወጣለች።

የትናየት ዙሪያውን ዞራ አየችው። «በዚህ ውድድር ነው የምሄደው ወይስ ሽንኩርት ልገዛ?»

«ውጪበት እስኪ።»

ወጣች፤ ወረደች። እንደገና ወጣች። ሦስተኛ ጊዜ ስትወጣ ሽንኩርቱን ረስታው ነበር። አልጣሽ ከበሩ ላይ ሆና «ዘንቢል ግን ብታስሩለት አይከፋም» አለች፤ ፈንታው ከምሩ ክብደቱን ማሰላሰል ጀመረ።

በአዲሱ ብስክሌት አንዱ ማቆሚያ ወደ አንድ ደቂቃ ከአሥር ሰከንድ ወረደ። ፈንታው ግድግዳው ላይ ደመረ፤ ቀነሰ። የጎማውን ሦስት ደቂቃና የማቆሚያዎቹን አምስት ደቂቃ ተኩል ሲያነሳ የትናየት ዳገቱ ጫፍ የምትደርሰው በአራት ሰዓት ከግማሽ ደቂቃ ሆነ። ግማሽ ደቂቃ! አይሱዙ ላይ ለመጫን ግማሽ ደቂቃም ዘጠኝ ደቂቃም እኩል ናቸው።

ውድድሩ ሊደርስ አሥር ቀን ቀርቶታል። ፈንታው በየጠዋቱ ሱቁን ዘግቶ ስድስተኛዋ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ያለው ዳገት ላይ ይገኛል፤ ጠጠሩ ከሁሉም የሚብሰው እዚያ ነው። አሁን የያዘው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው ከመውረድ በፊት ማርሹን ማቅለል ነው፤ ይህንን የትናየት እየለመደችው ነው፤ ከሁለት አንዴ ትረሳዋለች። ሁለተኛው የኋላ ጎማው ነው። የፊቱን ልክ አግኝቶለታል። የኋላው ግን በመነሻ ጊዜ ጠጠሩን ነክሶ እንዲይዝ ከፊተኛውም በላይ መላላት አለበት፤ ቁልቁሉ ላይ ሳይበሳ ምን ያህል ሊላላ ይችላል? ትናንት ከልክ በላይ አላልቶት ሁለት ጊዜ በሳው። ዛሬ ማለዳ መልሶ ነፋው፤ በአውራ ጣቱ ተጫነው፤ ትንሽ አስተነፈሰ፤ ደግሞ ተጫነው። የትናየት ከቤተ ክርስቲያኗ አጥር ሥር ተቀምጣ ትጠብቃለች።

«አያ፣ እኔ ልሞክረው።»

«ቆይ፣ መጀመሪያ እኔ። እኔን ከባዱን ከያዘ አንቺን ይይዛል።»

ብስክሌቱን ጠጠሩ እጅግ የተቆለለበት ቦታ ላይ አቆመው፤ ግራ እግሩን በመሃል አሻገረ፤ ቀኙን ፔዳሉ ላይ አድርጎ ሙሉ ክብደቱን ጣለበት። ጎማው ግማሽ ዙር ባዶውን ዞረ፤ ጠጠር ረጨ፤ ከዚያ ያዘ፤ ብስክሌቱም አንድ ክንድ ያህል ወደ ላይ ተራመደ። ፈንታው ወረደ፤ ጎንበስ ብሎ ጎማው የተወውን ምልክት መረመረ፤ የቀረችው ግማሽ ደቂቃ እዚህች ባዶ ግማሽ ዙር ውስጥ ናት፤ ቫልቩን ከፍቶ ትንሽ አየር ደግሞ ለቀቀና ብስክሌቱን ወደ መነሻው መለሰው።