ጎማ የሌለው ሚኒባስና የእናቴ መውጫ

ጎረቤታችን መጀመሪያ ያመጣው አንድ በር ነው። ከፈረሰ ቤት የተነቀለ፣ ቀለሙ የተላጠ፣ እጀታው የወለቀ የእንጨት በር። ከግቢያችን ወደ አስፋልቱ በምታወጣው መንገዳችን ላይ አጥሩን አስደግፎ አቆመውና ለሁለት ቀን ብቻ ነው አላት እናቴን። እናቴም «ምን ቸገረኝ ልጄ» አለችው። ይህችን «ምን ቸገረኝ» የምትባል ነገር ከአገሩ የሚያጠፋልኝ ሰው ቢገኝ እኔ እግሩ ስር ወድቄ አመሰግነው ነበር።

የምንኖረው ከቂሊንጦ ወዲህ፣ የገላን ኮንዶሚኒየም ከሩቅ በሚታይበት ሜዳ ላይ ነው። አባቴ ጤፍና ሽምብራ ይዘራበት የነበረው ማሳ ላይ ዛሬ መጋዘን በቅሎበታል። ለእናቴና ለእኔ የቀረን ቤታችን፣ ጓሮውና ያቺ መንገድ ናት። አባቴ በሬዎቹን ያወጣባት ነበር፤ የእኛ መሆኗን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል፤ በጎረቤት በኩል ያለው ድንበሯም በቅንጭብ የታጠረ ነበር። እናቴ ጉልበቷን ከታመመች ወዲህ ባጃጅ እስከ ደጃፋችን የሚገባው በዚያች መንገድ ብቻ ነው። በሌላው በኩል ቦይ አለ፤ ከቦዩ ማዶ ክረምት ላይ ጫማ ውጦ የሚያስቀር ዋልካ አለ። እናቴ ደግሞ፣ ዕድሜ ይስጥልኝና፣ ቀላል ሴት አይደለችም። በኪሎ ማለቴ ነው። መንገዷ ከተዘጋች ሐኪም ቤትም ቤተ ክርስቲያንም ቀረባት፤ ቤት ተዘግቶባት ተቀመጠች ማለት ነው።

የሰውየው ሥራ የፈረሰ ቤት ዕቃ መሸጥ ነው። ከተማው በፈረሰ ቁጥር የእሱ ግቢ ይሞላል፤ የእሱ ግቢ ሲሞላ ደግሞ ወደ እኛ ይፈሳል። ከበሩ ቀጥሎ መስኮት መጣ። ከመስኮቱ ቀጥሎ ቆርቆሮ፣ ፌሮ፣ የተሰነጠቀ ሲንክ። አንድ ጊዜማ የሽንት ቤት መቀመጫዎች ደርድሮ፣ ጠዋት ወደ ሥራ ስወጣ ስብሰባ የተቀመጡ ባለሥልጣኖች መስለው ተቀበሉኝ። እኔ ስጮህ እሱ ለእናቴ ፈገግ ይላል። እናቴ ደግሞ እኔን ትገስጻለች፤ ልጆቹ እናትና አባታቸው ገበያ ሲውሉ እኛ ቤት ነው ምሳ የሚበሉት፤ ጎረቤት ማለት ይኸው ነው ትለኛለች። ጎረቤትስ ነው፤ ግን የእሱ ልጆች የእኛን ምሳ፣ የእሱ ዕቃ የእኛን መንገድ ሲበላ የእኛ ድርሻ ምን እንደሆነ የሚነግረኝ አላገኘሁም።

አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ ቅንጭቡ የለም። ከሥሩ ተነቅሎ ሄዷል። ብጠይቀው ፍየል በላው አለኝ። ወተቱ ዓይን የሚያጠፋ ቅንጭብ! እንዲህ ያለ ፍየል ካለው ምን ቆርቆሮ ለቃሚ አደረገው? ፍየሏን እያሳየ መኖር ይችል ነበር።

ሚኒባሱ የመጣው መሬት ለክተው ካርታ የሚሰጡ ሰዎች ወደ ሰፈራችን ሊመጡ ነው የሚል ወሬ በተሰማ ሰሞን ነው። ሰማያዊና ነጭ፣ ጎማ የሌለው፣ ሞተር የሌለው፣ ነፍሱ ከወጣ የቆየ ሚኒባስ። ጉልበተኞች ሰብስቦ በግንድ እያንከባለለ አስገባውና መንገዳችን መሀል ድንጋይ ላይ አስቀመጠው። በእግሩ የሚሄድ ሰው በጎኑ ያልፋል፤ ባጃጅ ግን ወዴት አባቱ ይገባል። ምን ማለትህ ነው ስለው ዓይኑን በጨው አጥቦ፣ መሬቱ የኔ ነው፣ ዕቃዬ ያለበት መሬት የማን ሊሆን ነው አለኝ። በዚህ ሕግ ከሄድንማ ቆርቆሯችን ላይ የሚያርፉት እርግቦች ቤቱን በስማቸው ማዞር ነበረባቸው።

ቆሽቴ እያረረ ወረዳ ሄድኩ። እዚያ ያገኘሁት ጎረምሳ ከስልኩ ቀና ሳይል፣ ጎረቤታሞች በድንበር ካልተስማሙ አይለካም፤ ተስማምታችሁ ኑ አለኝ። ከሌባ ጋር መስማማት! ምን ይደረግ፣ ነገሩን ወደ ሽማግሌዎቹ ወሰድነው።

የእድራችን ሽማግሌዎች እሁድ ከቅዳሴ መልስ እኛ ግቢ ተሰበሰቡ። መጀመሪያ የወቀሱት ማንን ይመስላችኋል? እኔን። ምላሴ ረዝሟል፤ ሰውየውን ድንበር ገፊ ብዬ መንገድ ላይ ሰድቤዋለሁ። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን አሉ። እሱ ጋቢውን ደርቦ፣ አንገቱን ሰበር አድርጎ፣ የተበደለ መስሎ ተቀምጧል። ግቢዬን ከሸጠልኝ ሰው ጋር ስንዋዋል መንገዷም አብራ ነበረች አለ። ሻጩ ሞቷል፤ ሙት ደግሞ አይመሰክርም፤ ሰፈሩም በመንገዷ ስንመላለስ አየ እንጂ ውላቸውን አላየም። በእኛ ሰፈር ምስክር ሲጠፋ የቀረው መሐላ ነው፤ ይገባኛል ያለው ምሎ ይወስዳል። መሐላውን አስምሉልኝ የማለትም ሆነ ትቼለታለሁ የማለት መብት የባለመሬቷ፣ የእናቴ ነው። ከተወችለት ግን መሬቱ ሄደ።

ሰውየው ለመማል አልሰነፈም፤ ግን መሐላውንም እንደ አሮጌ መስኮት ይከራከርበት ጀመር። በእናቴ አጥንት ልማል አለ። እናቱ ከሞተች ዘመን አልፏታል፤ ከእንግዲህ ምን ታጣለች? በቆምኩበት መሬት ልማል አለ። የቆመው በእኛ መሬት ላይ! እኔ ሳቄ መጣ። ከሽማግሌዎቹ ትልቁ ግን አልሳቁም።

«በልጆችህ ማል» አሉት። «‹መሬቱ የእኔ ካልሆነ ልጆቼን አያሳድግልኝ› በል።»

ይህ እኛ ዘንድ የሚቀለድበት መሐላ አይደለም። በሐሰት የማለ ሰው ልጅ ሲያስነጥሰው እንኳ ሰፈሩ ይተያያል። እኔ፣ እውነቱን ልናገር፣ ደስ አለኝ። አሁን ገባህ እጄ አልኩ በልቤ፤ ይህን አይልም፣ ተነስቶ ይወጣል፣ ሚኒባሱንም እየጎተተ ይሄዳል። ሰውየው ላቡን ጠረገ። ወደ በሩ አየ፤ ወደ ሽማግሌው አየ። ከዚያ የማይታመን ነገር ሆነ፤ አፉን ከፈተ።

«መሬቱ የእኔ ካልሆነ ልጆቼን...»

«አቁም!» አለች እናቴ።

በርጩማዋን ይዛ ለመነሳት እየታገለች ነበር። ልጆቹን አትንካ፣ መሬቱን ውሰደው አለችው። እሱም ወሰደው። እፍረት የለ፣ አይ አልወስድም ማለት የለ፤ ሽማግሌዎቹን እጅ ነስቶ፣ ለእናቴ እግዜር ይስጥልኝ ብሎ ወጣ። በማግስቱ ጠዋት አጥር የሚያቆምበትን ጉድጓድ ሲቆፍር ሰማሁት።

ቤት ገብቼ በእናቴ ላይ ጮህኩ። ጮህኩ ስል የጎረቤት ውሻ እስኪመልስልኝ ድረስ ነው። ሞኝ ነሽ አልኳት፣ ተጫወተብሽ አልኳት፣ ከእንግዲህ በየት ልትወጪ ነው አልኳት። ምስሯን እየለቀመች አዳመጠችኝና ውሃ ጥጄ እንደሆነ ጠየቀችኝ።

የሐኪም ቤት ቀጠሮዋ ደረሰ። እኔ ከምሠራበት ፋብሪካ ፈቃድ ጠይቄ፣ በቦዩ በኩል እንዴት እንደማሳልፋት ጨንቆኝ ከወዲያ ወዲህ እላለሁ። እናቴ ነጠላዋን አጣፍታ ደጃፍ ላይ ተቀመጠችና ጎረቤታችንን ጠራችው። ጉልበቷ ነው እንጂ የታመመው ጉሮሮዋ ደህና ነው፤ አስፋልት ዳር ሰርቪስ የሚጠብቁት የፋብሪካ ሠራተኞች ሁሉ ዞሩ። መሬቱ ያንተ ነው፣ እኔ ግን ጎረቤትህ ነኝ፣ ሐኪም ቤት መሄጃዬ ደግሞ በግቢህ ነው አለችው። በደስታ ይለፉ እማማ አላት። እሷ በጣቷ ሚኒባሱን፣ ቆርቆሮውን፣ የተከመረውን ፌሮ አሳየችው፤ ቀጥላ ጉልበቷን አሳየችው።

«እዘለኝ» አለችው።

ቀልድ መስሎት ሳቀ። እሷ አልሳቀችም፤ እጇን ዘርግታ ትጠብቃለች። ልጆቹን በአደባባይ ያተረፈችለትን ባልቴት አላዝልም ብሎ እዚህ ሰፈር ተከብሮ የሚኖር የለም፤ ይህን እሱም ያውቃል። ቁጢጥ አለላት። ከመሬት ሲነሳ ያወጣውን ድምፅ እስከ ዛሬ ሲከፋኝ አስታውሼ እጽናናለሁ። እኔ ጫማዋንና ጃንጥላዋን ይዤ ከኋላ ከኋላ፤ እሷ ጀርባው ላይ ሆና፣ ቀስ በል፣ ቆርቆሮው ቀሚሴን እንዳይዘው፣ ወደ ግራ፣ ወደ ግራ እኮ ነው የምልህ። አስፋልቱ ላይ ሲያወርዳት መርቃ መርቃ፣ ስንመለስ እጠራሃለሁ አለችው።

ከዚያ በኋላማ እናቴ አገር ለአገር ዟሪ ሆነች። ጉልበቷን ከታመመች ወዲህ የተወችው ሁሉ ትዝ አላት። ልደታ፣ ሚካኤል፣ ኪዳነ ምሕረት፣ ገብርኤል፤ በወር ውስጥ ስንት ታቦት እንዳለ ጎረቤታችን ያኔ ነው የገባው። ለቅሶ አታስታጉልም፤ የእድር ስብሰባ አይቀርባትም፤ ሳሪስ ያለችው እህቷ ደግሞ በድንገት ናፈቀቻት። እሱ መደበቅ ሞክሮ ነበር፤ እሷ ግን እስኪወጣ ድረስ ትጣራለች፤ ሰፈሩም የት እንደተደበቀ ይጠቁማታል። የታክሲ ረዳቶች «የእማማ ባጃጅ» የሚል ስም አወጡለት። አንዱማ ጎረቤታችን እናቴን አዝሎ ሲያልፍ አይቶ፣ ሞልቷል ወይስ አንድ ሰው ይጨምራል ብሎ ጠየቀው። ምስኪን ነው የሚል ካለ መጥቶ ይዘልለት፤ እኔ አላዘንኩም።

ዋልካው መጣበቅ በጀመረበት ሰሞን ሽማግሌዎቹን ይዞ ቤታችን መጣ። ወገቡን በእጁ ደግፎ ነው የገባው። ለጎረቤት ሰላም ስል ሚኒባሱን ላንሳና መንገዱ እንደ ድሮው ይሁን አለ። ለሰላም! ለወገቤ ስል አይልም። እናቴ መንገዱ እንደማይቸግራት፣ ጀርባውን እንደለመደችው ነገረቻቸው። ትልቁ ሽማግሌ ሳቃቸውን በጢማቸው ውስጥ ደበቁ። ሰውየው ሊለምን ሲል እናቴ በቀስታ አቋረጠችው።

«መሬቱ የማን ነው?»

«ያው እማማ፣ እንግዲህ የጎረቤት...»

«የማን ነው አልኩህ።»

«የእርስዎ ነው።»

«የመሐላው ቀንስ ታውቅ ነበር?»

አቀርቅሮ፣ «አውቅ ነበር» አለ።

ትልቁ ሽማግሌ በቃ ነገሩ አለቀ አሉ፤ ዛሬውኑ ዕቃህን ታነሳለህ፣ ለኪዎቹ ሲመጡ ድንበሩን በገዛ ጣትህ ታሳያለህ ብለው ዘንጋቸውን አነሱ። እኔም ለዚያ ቀን አሳምሬ ያቆየሁትን ስድብ ልለቅ ጉሮሮዬን ጠራረግሁ። እናቴ ግን ቁጭ በሉ፣ አልጨረስኩም አለች። እንዲያ ስትቆጣ አይቻት አላውቅም።

«ልጆችህ ምን አድርገውህ ነው» አለችው፣ «እፊቴ ልትገድላቸው አፍህን የከፈትከው?»

እኔ እስከዚያች ሰዓት ድረስ እናቴ ጀርባው ላይ የወጣችው ስለ መንገዷ ይመስለኝ ነበር።