የምስጋናው ባነር

የበጎ ፈቃድ ክበባችን ያለ ክርክር የሚያደርገው ነገር ቢኖር ባነር ማሳተምና ባነሩ ፊት ቆሞ ፎቶ መነሳት ነው። ሌላው ሁሉ ያጨቃጭቀናል። እኔ ጂማ ካሉት ኮሌጆች በአንዱ አስተማሪ ነኝ፤ በክበቡ ደግሞ የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊ። ይህም ማለት ባነሩ ላይ የሚጻፈውን የማረቅቀው እኔ ነኝ፤ ፊደል ሲሳሳት የምሰደበውም እኔው ነኝ ማለት ነው። የምንሰበሰበው ቦሳ አዲስ፣ ከአንድ የመኪና መለዋወጫ መደብር በላይ ባለች ክፍል ውስጥ ነው። ሊቀመንበራችን ስብሰባ የሚከፍቱት ትንሽ የናስ ደወል ደውለው ነው። ደወሉን ከየት እንዳመጡት አይናገሩም፤ እኔ ግን ከሆነ በግ አንገት ላይ ሳይፈቱት እንዳልቀሩ እጠረጥራለሁ።

ሊቀመንበራችን ቡና ነጋዴ ናቸው፤ ሰው ሁሉ ሀጂ ይላቸዋል። ሆዳቸው ሰፊ ስለሆነ የክበባችን ብርቱካናማ ሰደርያ ዚፑ ተዘግቶላቸው አያውቅም። ጸሐፊያችን ከሆሳዕና በኩል መጥታ ጂማ ገበያ ጨርቅ የምትሸጥ ሴት ናት። ጴንጤ ናት፤ ሳትጸልይ ውሃ እንኳን አትጠጣም። ስለዚህ ስብሰባችን በደወል ይከፈታል፣ ከዚያ በቢስሚላህ ይከፈታል፣ ከዚያ ደግሞ በረጅም ጸሎት ይከፈታል። ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ብዙ ጊዜ የሚቀረን መዝጋት ብቻ ነው።

በዚያ ዓመት ዝናቡ በጊዜው አልወጣ አለ። ከሰቃ አለፍ ብላ ባለች አንዲት የቡና ከተማ ወንዙ ሞልቶ የመጠጥ ምንጮቹን አበላሻቸውና አተት ገባ። አተት አጣዳፊው ተቅማጥና ትውከት ነው፤ ጠዋት ሲስቅ የነበረ ሰው ማታ ዓይኑ ጎድጉዶ ታገኘዋለህ። ጤና ጣቢያው ግቢ ውስጥ ድንኳን ተተከለ፤ ነርሶቹም ቤታቸው መግባት ተዉ።

ወሬው ጂማ ሲደርስ አስቸኳይ ስብሰባ ተጠራ። ሳሙና፣ ክሎሪንና ጓንት እንዲገዛ ወዲያው ተስማማን፤ ያ ፍጥነታችን እስከ ዛሬ ይገርመኛል። የቀረውን ከሰዓት የበላው ባነሩ ነው። ሀጂ «ለጀግኖቻችን» ይባል አሉ። ጸሐፊያችን ጀግና ሲባል ጦርነት ጦርነት ይላል ብላ ተቃወመች። በመጨረሻ «የጤና ባለሙያዎቻችን ሆይ፣ እናመሰግናለን» የሚለው ጸደቀ። ለእያንዳንዱ ነርስም መስታወት ፍሬም ውስጥ የገባ ሰርተፊኬት ይዘጋጅ ተባለ። መስታወት፣ በዚያ መንገድ! መኪናው ጉድጓድ በገባ ቁጥር ከኋላችን አንድ ምስጋና ሲሰበር ይሰማን ነበር።

ጤና ጣቢያው እንደደረስን ባነሩን በአጥሩና በአንድ የግራቪሊያ ዛፍ መካከል ወጠርነው፤ ነርሶቹም እንዲሰለፉልን በትሕትና ጠየቅን። ከድንኳኑ የወጣችው አንዲት ሴት ብቻ ናት። ቦት ጫማ አድርጋለች፣ ዓይኗ ቀልቷል፣ ፀጉሯን በፋሻ ጠቅልላዋለች።

«ሌሎቹስ?» አሉ ሀጂ።

«አንዱ ግሉኮስ እየሰቀለ ነው። አንዷ ገና አሁን ጋደም አለች። ለፎቶው ልቀስቅሳት?»

ካሜራዬን ቀስ ብዬ ኪሴ ከተትኩት።

ሳሙናውንና ክሎሪኑን ስታይ ግን ፊቷ በራ፤ ካርቶኖቹን ራሷ ተሸክማ አስገባች። ከዚያ ሀጂ ሳይሰበር ከተረፉት ሰርተፊኬቶች አንዱን በሁለት እጃቸው ሰጧት። ገልበጥ አድርጋ ጀርባውን አየችው፤ ከዚያ ፊቱን።

«ሀጂ፣ ይሄ ቡና ይለቅማል?» አለቻቸው።

ሀጂ የሚያነቡት ይመስል ወደ ሰርተፊኬቱ ጎንበስ አሉ።

«እንዲህ የምልዎት ነገ ቤቴ ልገባ ስለሆነ ነው። ቤቴ ከዚህ ብዙም አይርቅም። ቡናዬ ደርሶ መሬት ላይ እየረገፈ ነው። ባሌ የጥላ ዛፍ ሲከረክም ወድቆ እግሩ ጄሶ ውስጥ ነው። በየዓመቱ የሚመጡት ለቃሚዎች አተት ገባ ሲባል ቀሩ። አማቴ ጎረቤቱን ሁሉ ዞራ ደቦ ጠራች። ሁሉም ‹ኤዬ፣ እንመጣለን› አሏት። በቀኑ አንድ ሰው ብቅ አላለም።»

«ደቦ ተጠርቶ?» አለች ጸሐፊያችን። እሷ ባደገችበትም ደቦ ተጠርቶ ሰው አይቀርም።

«እዚህ ስለምሠራ ነዋ። በሽታውን በልብሴ ይዤ የገባሁ ይመስላቸዋል። ቤቴን በሩቁ ነው የሚያልፉት። እኔ ደግሞ ልጆች አሉኝ፤ የዓመት ጉሮሯችን እሱ ቡና ነው። ከዚህ በላይ መቆየት አልችልም።»

የድንኳኑ በር በከፊል ተገልጦ ነበር። አንዲት ትንሽ ልጅ ክንዷ ላይ ግሉኮስ ተቀጥሎላት ዝም ብላ ታየናለች። ይህቺ ነርስ ነገ ከሄደች ያን ሁሉ በሽተኛ የሚይዙት እንቅልፍ ያጡ ሁለት ሰዎች መሆናቸው ገባኝ። ፈራሁ፤ በባነራችንም አፈርኩ።

ሀጂ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እህቴ፣ አንቺ አትሂጂ። ቡናውን እኛ እንለቅማለን።»

ጸሐፊያችን አየችኝ፤ እኔም አየኋት። ከክበባችን አባላት ቡና ለቅሞ የሚያውቅ አንድም ሰው የለም። ሀጂ እርግጥ ዕድሜያቸውን ሙሉ ቡና ገዝተዋል። ገበሬው ያመጣውን ቡና እጃቸውን እስከ ክርናቸው ከተው ይዘግኑና፣ አንድ ጥሬ ካገኙ «ቀይ ቀዩን ብቻ አላልኩም?» እያሉ ሰውዬውን በሰው ፊት ያሸማቅቁታል። ዛፉ ላይ ሲሆን ግን ቡናን የሚያውቁት ከመኪና መስኮት ነው።

ነርሷ ከላይ እስከ ታች አየችን። የሀጂ ሆድ ላይ ትንሽ ቆየች። «እሺ፣ እስከ እሁድ አያለሁ» አለች። «እሁድ ቡናው ዛፉ ላይ ከሆነ እሄዳለሁ። ደግሞ እጃችሁን በደንብ ታጠቡ፤ ምግብ ትኩሱን ብሉ። ሌላው አያስፈራም።»

በማግስቱ ጠዋት አብረውን ከመጡት አባላት ጋር ሰደርያችንን ለብሰን ቤቷ ተገኘን። አማቷ፣ ቀጠን ያሉ አዛውንት፣ ቅርጫት አቀበሉንና ወደ ቡናው መሩን። ባልየው በረንዳው ላይ ጄሶ ውስጥ ያለ እግሩን በርጩማ ላይ ሰቅሎ ተቀምጧል። ሰላም ሲለን ቃሉ ይከብደው ነበር፤ ቡናው በዓይኑ ፊት ሲረግፍ የከረመ ሰው ነው።

ጸሐፊያችን በጸሎት ጀመረች። ለዝናቡ፣ ለበሽተኞቹ፣ ለባልየው እግር፣ ለቡናው ቅርንጫፍ ሁሉ ጸለየች። አሜን ስንል ፀሐይ ወጥታለች። ከዚያ ሥራ ተጀመረ። እኔ ቅርንጫፉን ወደ ታች ስስበው ከእጄ ያመልጥና ግንባሬን ይመታኛል። የሱሪዬ እግር ውስጥ ጉንዳን ገባ፤ አስተማሪ በአደባባይ ማድረግ የሌለበትን ዝላይ ዘለልኩ። ሀጂ ደግሞ ቅርንጫፉን ጨብጠው ሙልጭ ነው የሚያደርጉት፤ ቀዩ፣ አረንጓዴው፣ ቅጠሉ፣ አንዳንዴም ሸረሪቷ አብራ ቅርጫት ትገባለች።

ቅርጫቶቹ ባልየው ፊት ተደፉ። የሀጂን ቅርጫት በጣቱ በተን በተን አደረገው። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ጂማ ወርዶ ቡናውን የሸጠው ለማን እንደሆነ እሱም ያውቃል፣ ሀጂም ያውቃሉ።

«ሀጂ፣ ቀይ ቀዩን ብቻ አላሉም?» አለ።

ሀጂ ላባቸውን በሰደርያቸው ጠረጉ። «ዓይኔ ደክሟል» አሉ። ባልየው ጄሶው እስኪንቀጠቀጥ ሳቀ። አማቷ በኋላ እንደነገሩን እግሩ ከተሰበረ ወዲህ የሳቀው ያን ቀን ነው።

እኩለ ቀን ላይ የለቀምነው ለዚያ ሁሉ ሰው የሚያሳፍር ነበር። እሁድ ቀርቶ በገናም አንጨርሰውም። አጥሩ ማዶ ጎረቤቶች ቆመው ያዩናል። አንድ ሽማግሌ ዱላቸውን ተደግፈው፣ ሁለት ሴቶች ልጅ አዝለው። ሰላም አይሉም፣ አይሄዱምም።

አማቷ ምሳ ይዘው ወጡ። ገንፎ ነው፤ መሃሉ ላይ ቅቤና በርበሬ የተኛበት፣ እንፋሎቱ የሚወጣ። ደቦ የጠራ ቤት የሠራለትን ያበላል፤ የሠራም ይበላል። ገበታው ፊታችን ተቀመጠ፤ እኛም የነርሷን ሳሙና እስከ ክርናችን አረፋ እያደረግን ታጠብን። ጸሐፊያችን ታጥባ ስታበቃ እንደገና ጀመረች።

«ኛዳ ማሎ፣ ብሉ» አሉ አማቷ።

ማናችንም እጃችንን አልሰደድንም። ውሸት ምን ያደርጋል፣ ፈርተን ነው። ነርሷ ያለችውን ሰምተናል፤ እኔ ራሴ ክፍል ውስጥ ስለ ንጽሕና ለተማሪ የማወራ ሰው ነኝ። እጄ ግን አልሰማኝም። አጥሩ ማዶ ያሉት ደግሞ ቡናውን ትተው እጃችንን ነው የሚያዩት። አማቷም እጃችንን ነው የሚያዩት። እዚያ ገበታ ላይ ካልበላን ያ ቤት የበሽታ ቤት ነው ብለን በአደባባይ መሰከርን ማለት ነው፤ ከዚያ በኋላ ዓለም ሁሉ ቡና ቢለቅምላቸው ዋጋ የለውም።

ሀጂ «ቢስሚላህ» አሉና ትልቅ ጉርሻ ቆርጠው ቅቤው ውስጥ ነከሩት። አፋቸው ውስጥ ሲገባ ዓይናቸው እንባ ሞላ፤ እሳት ነበር። ሳይተፉት ዋጡት። «ማሻአላህ» አሉ በተቃጠለ ምላሳቸው። ቀጥላ ጸሐፊያችን ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ጎረሰች፤ ጸሎቷ ለገንፎው መሆኑን እርግጠኛ ነኝ። እኔም ገባሁበት። የፈራሁት አንዴ ነው፤ ሁለተኛው ጉርሻ ላይ ከሀጂ ጋር የምሻማው ቅቤውን ነበር። በክበባችን ታሪክ ፎቶ ሊነሳ የሚገባው ጊዜ ቢኖር እሱ ነው፤ እኔ ግን አሥሩም ጣቶቼ ቅቤ ነበሩ።

ሽማግሌው ከአጥሩ ማዶ አማቷን በኦሮምኛ ጠየቋቸው። የከተማ ሰዎቹ በሉ ወይ ነው ያሉት። አማቷ ባዶውን ገበታ ከፍ አድርገው አሳዩዋቸው። ቀና ብለው ቆመው ነበር።

በማግስቱ ስንደርስ ቡናው ውስጥ ሰው ይተራመሳል። ሽማግሌው አሉ፣ ሴቶቹ አሉ፣ ከታችኛው መንደርም የመጡ አሉ። ማንም ስለ ትናንቱ ይቅርታ አልጠየቀም፣ ማንም አልተወቀሰም። ቅርጫቴን ላነሳ ስል አንዲት ሴት ከእጄ ተቀበለችኝ። ሀጂንማ ከዛፉ ሥር በክብር ነው ያባረሯቸው፤ «እርስዎ አረፍ ይበሉ ሀጂ፣ ዛፉ ለከርሞም ይፈለጋል» አሏቸው። በረንዳው ላይ ከባልየው ጎን ተደርድረን ተቀመጥን፣ በዚያች ደማቅ ሰደርያ። የሠራንላቸው ሥራ መብላት ብቻ መሆኑ ያኔ ነው የገባኝ፤ በሆዳችን ጠቀምን። ደስ አለኝ፤ ትንሽም ከፋኝ።

ከሰዓት ዝናቡ ድንገት ወረደ። የተለቀመው ቡና ማድረቂያው አልጋ ላይ ተሰጥቷል። ሁሉም ሰው ሸራ ፍለጋ ሲሯሯጥ ጸሐፊያችን ወደ መኪናው ሮጣ ከጤና ጣቢያው አውርደን የጠቀለልነውን ባነር ይዛ መጣች። አራት ሰው አራት ጫፉን ይዞ ቡናው ላይ ዘረጋው። ጠብታ አላስገባም። አማቷ በመዳፋቸው ደባበሱትና «ይሄስ ጥሩ ነገር ነው» አሉ። ይዘነው ከሄድነው ሁሉ ያመሰገኑት እሱን ነው። ትተንላቸው ተመለስን።

እሁድ ነርሷ ቤቷ አልገባችም። ድንኳኑ እስኪነቀል እዚያው ቆየች። ያቺ ክንዷ ላይ ግሉኮስ የነበረባት ልጅ ድና ወጣች ብላ በስልክ ስትነግረን ሀጂ ደወሉን ያለ ምንም አጀንዳ ደወሉት።

ዘንድሮ ቡና ሲደርስ ክበባችን ተዘጋጅቶ ጠበቀ። ሀጂ የክበቡ አርማ የታተመባቸው የመልቀሚያ ቅርጫቶች አሠርተዋል። እኔ ለጉንዳኑ ብዬ ረጅም ካልሲ ገዝቻለሁ። ስብሰባ ላይ ሳለን ነርሷ ደወለች፤ ሀጂ ሁላችንም እንድንሰማ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አደረጉት።

«ሀጂ፣ እንዴት ነዎት? ቡናው ደርሷል። ዘንድሮ እኔም ቤት ነኝ፣ ባሌም እግሩ ድኗል። ደቦ ጠርተን ሰው ሁሉ መጥቷል፤ ግቢው ጠቦናል። የደወልኩት እናንተ እንዳትመጡ ልላችሁ ነው።»

«አልሐምዱሊላህ» አሉ ሀጂ፣ ቅርጫቶቹን እያዩ።

«ባነር ካላችሁ ግን ላኩልን። ያኛው ተቀደደ።»

በነጋታው ማተሚያ ቤት ሄድኩ። ባለ ማተሚያው ለዓመታት የክበባችንን ባነር ሲሠራ የኖረ ሰው ነው፤ ገና ሲያየኝ እስክሪብቶውን አነሳ።

«መምህር፣ ዛሬ ምን ይጻፍበት?»

«ምንም» አልኩት።

«አርማውስ?»

«አርማም አይኑር። ብቻ ጠንካራ ይሁን፣ ውሃ አያስገባ።»

ጤንነቴን ተጠራጥሮ ሀጂ ጋ ደወለ። ሀጂም ባዶውን እንዲሰጠኝ ነገሩት።