ኳሷ ማን ናት?

ፖሊሶች የያዙኝ ኮኪት በምትባል የቆላ ከተማ ውስጥ፣ አስተምሬ ከክፍል ስወጣ ነው። እጄ ላይ ገና የጠመኔ ብናኝ ነበር። እስር ቤቱ ስለሞላ ያስገቡን የሰሊጥ መጋዘን ውስጥ ነው። መስኮት የለውም። ረፋድ ላይ የጣራው ቆርቆሮ በሙቀት መንጣጣት ሲጀምር ሸሚዛችንን አውልቀን ወደ መሃል እንሰበሰባለን፤ ግድግዳውም ቆርቆሮ ነው።

በሦስተኛው ቀን መርማሪው ጠራኝ። ጠረጴዛው ላይ የፊዚክስ ማስታወሻዬ ተዘርግቷል። የሣልኩት ተዳፋት ነው፤ ወገቡ ላይ ትንሽ ጎድጓዳ፣ ጎድጓዳው ውስጥ ኳስ። ከሥሩ «ሜታስቴብል፦ የረጋ መስሎ ያልረጋ። በቂ ግፊት ካገኘ ይወርዳል» ይላል።

«ኳሷ ማን ናት?» አለኝ።

ኳስ ናት አልኩት። መንግሥት ናት ብለህ ጥፋትህን አምነህ ከፈረምክ በምሕረት ትለቀቃለህ፣ ካልፈረምክ ጎንደር እስር ቤት ትላካለህ፣ እስከ ነገ አስብበት ብሎ ወደ መጋዘኑ መለሰኝ። ባለቤቴ የመጀመሪያ ልጃችንን ልትወልድ ቀናት ቀርተዋት ነበር።

አጠገቤ የሚተኙት ከጎጃም ለሰሊጥ አጨዳ የወረዱ ሽማግሌ ናቸው። የታሰሩት መታወቂያ ስላልያዙ ነው። ምን ጠየቁህ ሲሉኝ ነገርኳቸው፤ የኳሷ ነገር ግን አልገባቸውም። ከወለሉ አፈር ቆለልኩና ጎኑን በአውራ ጣቴ ጎድጎድ አድርጌ ጠጠር አስቀመጥኩ። ቀስ ብለው ቢነኳት ተወዛውዛ እዚያው ትመለሳለች፣ ለዚህ ነው የረጋች የምትመስለው አልኳቸው። የሚነካት ከሌለ ዓመትም ትቆያለች። ጠርዙን የሚያሻግር ግፊት ካገኘች ግን ታች ትወርዳለች፤ በራሷም አትመለስም።

ቁልሉን ብዙ አዩት።

«እንግዲያ መንገድ ላይ አደረች እንጂ ቤቷ አልገባችም» አሉ።

ስምንት ዓመት ሳስተምር እንዲህ አሳጥሬ ተናግሬው አላውቅም። ትፈርማለህ ወይ ብለው አልጠየቁኝም። የሚጠጡትን ውኃ አካፈሉኝና ጀርባቸውን ሰጥተው ተኙ።

በማግስቱ መርማሪው ወረቀቱን ሰጠኝ። «ኳሷ መንግሥት ናት» የሚለውን ሰረዝኩና ከላዩ «ኳሷ ኳስ ናት» ብዬ ጻፍኩ። ከሥሩ ፈረምኩ። አነበበው፣ አጥፎም ኪሱ ከተተው። ያን ዕለት ከሰዓት ጎንደር ላኩኝ።

ከሁለት ወር በኋላ ክስ ሳይቀርብብኝ ለቀቁኝ። ቤት ስደርስ ልጄ ክርስትና ተነሥቷል።

ዛሬም አስተምራለሁ። በክርስትናው ዕለት ባለመኖሬ ባለቤቴ እስካሁን ቅር ይላታል፤ አልፈርድባትም። ብፈርም ኖሮ የምደርስ ይመስለኛል። ከዚያ በኋላ ግን ክፍል ገብቼ ኳሷ ያለችበትን ምዕራፍ እንዴት እንደማስተምር አላውቅም።