አዳራሹ ውስጥ የወለደችው ላም

የካ ላይ በክረምት ወሬ የሚነገረው በጩኸት ነበር። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ጎረቤት ከጎረቤት በአጥር ላይ ካልተጯጯኸ አይደማመጥም፤ ስለዚህ የአንዱ ቤት ምስጢር ላምበረት ድረስ ይሰማል። አዲስ ሙሽራ ሆኜ ሰፈሩ ስገባ በጣም የወደድኩት ይሄንን ነው!

በፍልሰታ ጾም፣ አንድ እሑድ ጠዋት፣ ከአጥሩ ማዶ «ላሟ ጠፋች!» ተባለ። የማን ላም ብሎ የጠየቀ የለም። ሙስሊሟ ጎረቤታችን ባሏ ከሞተ ወዲህ ልጆቿን የምታሳድገው የዚያችን ላም ወተት ለሰፈሩ እየሸጠች ነበር። ላሟ ደግሞ መውለጃዋ ደርሷል። ጉሙ ከእንጦጦ ወርዶ ባሕር ዛፉን ውጦታል፤ ጅብ እንደሆነ በእንዲህ ያለ ቀን ፀሐይ ወጣ አልወጣ ብሎ አይጠብቅም። ጋቢዬን ደርቤ ሮጥኩ።

እኛ ተራራውን ስናስስ ላሟ ለካ የትም አልሄደችም። ዘበኛው ለስብሰባ ብሎ ከፍቶት የሄደው የቀበሌ አዳራሽ ውስጥ ገብታ፣ መድረኩ ሥር ምጥ ይዟታል! ስንደርስ ሊቀመንበሩ በሩ ላይ ቆሟል። ባለፈው ስብሰባ «ጾም ኋላ ቀርነት ነው» እያለ እስኪመሽ ያደረቀን እሱ ነው።

«አውጧት! ሕዝቡ ሊገባ ነው» አለ።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ በዚህ ዝናብ ከወጣች እሷም ጥጃዋም አይተርፉም። ልጆቼን ምን ላብላቸው?» አለች ባለ ላሟ እያለቀሰች።

ተናድጄ ልናገር ስል ላሟ በጣር ድምፅ እምቧ አለች። ሊቀመንበሩ ዞር አለ። የጥጃዋ እግሮች ብቅ ብለዋል። ካኪ ኮቱን አውልቆ ተንበረከከ፤ የገበሬ ልጅ መሆኑን ያን ቀን አወቅን። «ስታምጥ ብቻ ሳቡ! ቀስ!» እያለ ጎረምሶቹን አዘዘ። ጥጃዋ ዱብ ስትል አዳራሹ በእልልታና በጭብጨባ ተናጋ። እዚያ ቤት ማንም ሳያዘን ስናጨበጭብ የመጀመሪያችን ነው። ስብሰባውም ቀረ፤ ደስታዬን አትጠይቁኝ!

ላም ስትወልድ የመጀመሪያውን ወተት፣ እንገሩን፣ አፍልቶ ጎረቤትን ማቅመስ ደንብ ነው። ባለ ላሟ እኛን ጾመኞቹን አለፈችንና በማግስቱ ትልቁን ሳህን ይዛ ወደ ሊቀመንበሩ ቢሮ አመራች። እኔም አብሬያት ሄድኩ። ከበላይ አካል የመጡ ሁለት እንግዶች ተቀምጠዋል። ሳህኑን ፊቱ አስቀምጣ ከፈተችው።

«ቅመስ እንጂ ጓድ!» አለ አንደኛው እንግዳ። «ይህማ የሰፊው ሕዝብ ፍቅር ነው!»

ሊቀመንበሩ ሳህኑን አየ፤ እንግዶቹን አየ። ወደ ጆሮዋ ጎንበስ ብሎ፣ «እናቴ፣ ይቅር ይበሉኝ… ጾመኛ ነኝ» አላት። አጠገቧ ስለነበርኩ ሰማሁት።

እሷ ዐይኗን እንኳ አላርገበገበችም። ሳህኑን መልሳ ከደነችና እንግዶቹ እንዲሰሙ ድምፅዋን ከፍ አደረገች።

«ለእርስዎ መቼ አመጣሁት! የልጆችዎ ድርሻ ነው፣ ቤት ይውሰዱላቸው።»

ሊቀመንበሩ ከወንበሩ ብድግ ብሎ በሁለት እጁ ተቀበላት።