ስድስት ዲግሪ

ቢላውን በሙቅ ውሃ ይነክራል፤ በጨርቅ ያብሰዋል፤ ከዚያ የሳሙና ካርቶን የሚያህለውን ጄላቲን ከጫፍ እስከ ጫፍ ይሰነጥቀዋል። ጄላቲኑ ፈዘዝ ያለ ቢጫ ነው፤ ሲነኩት እንደ ሕፃን ጉንጭ ገባ ብሎ ይመለሳል። በመሃሉ ጥይቱ የሄደበት መንገድ ይታያል፤ መግቢያው ጠባብ፣ ቀጥሎ ሰፊ፣ መጨረሻው እንደ ጅራት የቀጠነ። ወንድም ጋሼ በግራ እጁ መንገዱን ከፈት አድርጎ በቀኝ እጁ ወረንጦውን ይሰድና አረሩን ይዞ ይወጣል። አጥቦ፣ አድርቆ፣ መዝኖ፣ ስፋቱን ለክቶ በደብተሩ ይጽፋል። ሠላሳ አንድ ዓመት የሠራው ይህንን ነው።

ወንድም ጋሼ የምለው ታላቅ ወንድሜን ነው። ባሌ ከሞተ ወዲህ የምኖረው እሱ ቤት ነው፤ ቀን ቀን ምሳ ይዤለት እሄድ ስለነበር ሥራውን በዓይኔ አውቀዋለሁ። የሥራ ጓደኞቹ «ሐኪሙ» ይሉት ነበር።

«ሐኪሙ፣ በሽተኛው እንዴት ነው?»

«እሱስ የለም። ጥይቱን ግን አትርፌዋለሁ።»

ጥይት ለገበያ ከመውጣቱ በፊት የሚፈተንበት ክፍል ረጅምና ጠባብ ነበር። በአንደኛው ጫፍ ጠመንጃው በብረት ማነቂያ ታስሯል፤ በሌላኛው ጫፍ ጠረጴዛው ላይ በሥጋ ምትክ ጄላቲኑ ይቀመጣል፤ ከጀርባው የአሸዋ ከረጢት ተደርድሯል። ቤቱን ለሚጠብቅ ሰው የሚሸጥ ጥይት ሲሆን ጄላቲኑን በአራት እጥፍ ጂንስ ይሸፍኑታል፤ ሌባ ራቁቱን አይመጣምና። ያ ጥይት የመጣውን ሰው ማቆም አለበት፤ ግድግዳ አልፎ የጎረቤት ልጅ ማግኘት ግን የለበትም። ለአዳኝ የሚሸጠው ሌላ ነው። የአውሬውን ቆዳ፣ ስቡን፣ የትከሻውን አጥንት አልፎ ልብ ድረስ መድረስ አለበት። «ለበር የሚሆን ለጫካ አይሆንም» ይል ነበር ወንድም ጋሼ።

ጄላቲኑ አራት ዲግሪ ላይ መሆን አለበት። ከሞቀ ይለሰልሳል፤ ከለሰለሰ ይዋሻል፤ ጥይቱ ከሚገባው በላይ ጠልቆ ይገባል። ስለዚህ በፊት በፊት ከእያንዳንዱ ሙከራ አስቀድመው በአየር ጠመንጃ አንዲት ትንሽ የብረት ፍሬ ይተኩሱበት ነበር። ፍሬዋ ከአራት ጣት በላይ ከገባች ጄላቲኑ ይጣላል። ነገሩ በሆነበት ዓመት የአየር ጠመንጃው ሞላ ተሰበረ።

«ጋሼ፣ ቴርሞሜትሩ አለልን አይደል?» አለው ኃላፊው።

«አለ» አለ ወንድም ጋሼ።

ወንድም ጋሼ አንዲት ሴት ልጅ ናት ያለችው። ባሏ የደን ጠባቂ ነው፤ የሚሠራበት ደን በአውቶቡስ ሙሉ ቀን ያስኬዳል። የገበሬውን ማሳ የሚያጠፋ ከርከሮ ሲመጣ የሚገድለው እሱ ነው። አንድ ቀን ያ አማቻችን ሁለት ፓኮ ጥይት ይዞ መጣ፤ አንዱ የድሮው ከባዱ፣ አንዱ አዲሱ።

«አባባ፣ ይሄ አዲሱ ትከሻ አይጎዳም። ጓዶቼ ሁሉ ወደውታል። ግን ለከርከሮ ይሆናል ወይ? እርስዎ ካላሉኝ አልይዘውም።»

ወንድም ጋሼ ሦስት ጊዜ ተኩሶ ሦስት ጊዜ ሰነጠቀ። አዲሱ ጥይት ክንድ ሙሉ ገብቶ፣ ጫፉ እንደ አበባ ተከፍቶ ተገኘ።

«ይበቃል፤ በኔ ይሁን» አለው።

«አባባ ካሉ ከርከሮውም ያምናል» አለ አማቻችን እየሳቀ። የድሮውን ፓኮ እኛ ዘንድ ትቶ ሄደ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ወንድም ጋሼ የጄላቲኑን ፍሪጅ ሲያጸዳ ቴርሞሜትሩን የሚቀልጥ በረዶ ያለበት ሳህን ውስጥ አኖረው። ሲመለስ ከዜሮ በታች ስድስት ይላል። በረዶውን ቀይሮ ደገመው። ማታ በመሀረብ ጠቅልሎ ቤት ይዞት መጣና ከኛ ፍሪጅ በረዶ አስወጣኝ።

«የሚቀልጥ በረዶ ስንት ነው?» አለኝ።

«እኔ ምን አውቄ።»

«ዜሮ ነው። ዜሮ ነው እንጂ።»

መርፌዋ አሁንም ከዜሮ በታች ስድስት ላይ ቆመች። ያን ጊዜ ነው ያስታወሰው፤ ከሁለት ወር በፊት ቴርሞሜትሩ ከእጁ አምልጦ ሲሚንቶ ላይ ወድቆ ነበር። መስተዋቱ አለመሰንጠቁን አየና መልሶ ሰቀለው። አራት ሲለው የነበረው ሁሉ አሥር ነበር ማለት ነው።

በማግስቱ በትክክል አቀዝቅዞ ተኮሰ። አዲሱ ጥይት ከክንድ አራት ጣት ጎደለ። «ከከርከሮ ትከሻ እስከ ልቡ ያለው ያቺ አራት ጣት ናት» አለኝ፤ ጣቶቹን ገጥሞ እያሳየኝ።

ለኃላፊው ነገረው።

«ጋሼ፣ ጥይቱ ይበቃል ያሉበት ወረቀት ማኅተም አርፎበት ወጥቷል። ጡረታዎ ሁለት ዓመት ነው የቀረው። ምን አስቸኮለዎት?»

ወንድም ጋሼ የድሮውን ፓኮ በጋዜጣ ጠቀለለው። «አዲሱን አትያዝ፤ የኔ ስሕተት ነው» ብሎ ጽፎ ከውስጥ ከተተ፤ በሲባጎ አስሮ የአማቹን ስም ጻፈበት። መናኸሪያ ወሰደው። የአውቶቡሱ ረዳት ዕቃውን በእጁ ከፍ ዝቅ አድርጎ መዘነውና፣

«አባት፣ ይሄ ባሩድ ነው። ፈቃድ ከሌለው አልጭንም» አለው።

«ወረቀቱን ብቻስ?»

«ወረቀትማ ምን ችግር አለው።»

ወረቀቱ ግን ከታሰረው ውስጥ ነበር። ሰው ከኋላው ተሰልፎ ነበር። ዕቃውን እንዳቀፈ ተመለሰ።

ወደ ደኑ ጽሕፈት ቤት ደወለ። አጠገቡ ቆሜ ነበር። ያነሣው ጸሐፊው ነው፤ ድምፁ እኔ ድረስ ይሰማል።

«የጓደኛችን አማት ነዎት እንዴ? እርስዎ ነዎት ሐኪሙ? ጋሼ፣ እዚህ እኮ ሁላችንም የእርስዎን ጥይት ነው የያዝነው። አማችዎ ደረቱን ነፍቶ ነው የሚሄደው። ምን ልበልልዎ?»

ወንድም ጋሼ የስልኩን ገመድ በጣቱ ጠመዘዘ፤ ፈታ።

«ሰላም በልልኝ» አለው።

ስልኩን አስቀመጠ። «በስልክ አይሆንም። ቅዳሜ ራሴ እሄዳለሁ» አለኝ። ቅዳሜ ጢሙን ተላጭቶ፣ ኮቱን ለብሶ፣ ዕቃውን ጭኑ ላይ አድርጎ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠ። አውቶቡሱ የሚነሣው በአሥራ ሁለት ሰዓት ነው። ሦስት ሰዓት ላይ ስገባ እዚያው ነበር።

«አውቶቡሱ ሄደ» አለ።

የሚቀጥለው ቅዳሜ ዝናብ ነበር። ከዚያ ወር መጨረሻ ሆነ፤ ሥራ በዛ። ነገ ዛሬ ሲል ሰባት ሳምንት ሄደ። የጽሕፈት ቤቱን ስልክ ቁጥር እኔም አውቀው ነበር።

ማክሰኞ እኩለ ቀን ላይ ልጁ ደወለች። ባሏ ከርከሮውን ሁለት ጊዜ መትቶት ቁጥቋጦ ውስጥ ገባበት። የቆሰለ አውሬ ትቶ መሄድ ደንባቸው አይደለም፤ ተከተለው። ከርከሮው ጭኑን ዘነጠለው። ተሸክመውት መኪና መንገድ ሳይደርሱ ደሙ አለቀ።

«አባዬ» አለችው፤ «ሁለቱንም ጊዜ ትከሻው ላይ ነው ያገኘው አሉ። አልሳተም።»

«አውቃለሁ፤ አልሳተም» አላት።

ማጽናኛ መሰላት። ከዚያ በኋላ ለሚመጣው ለቀስተኛ ሁሉ፣ «አባቴ እንኳ አልሳተም ብሏል» ትል ነበር። እሱ ከበሩ አጠገብ አንገቱን ደፍቶ ይቀመጣል። ሊነግራት ሁለት ጊዜ ለብቻዋ ጠርቷት አይቻለሁ። አንዴ ውሃ አምጪልኝ አላት፤ አንዴ ራሷን ዳስሶ መለሳት።

ሁለት ዓመቱን ጨርሶ ጡረታ ወጣ። ኃላፊው ስሙ የተቀረጸበት የግድግዳ ሰዓት ሰጠው፤ ሳይሰቅለው ቀረ። ቢላ መያዝም ተወ፤ ዳቦ እንኳ የምቆርስለት እኔ ነኝ።

ባለፈው ሳምንት ልጁ መጥታ ቤቱን ስታራግፍ ወንበር ላይ ቆመች። ከቁም ሳጥኑ አናት ላይ፣ ጋዜጣው የወየበ፣ ስም ያለበት ወገን ወደ ግድግዳ የዞረ ዕቃ አገኘች።

«ይሄ ምንድን ነው፣ አባዬ? ይከብዳል።»

«የሚላክ ዕቃ ነው» አላት ከአልጋው ሳይነሣ። «ተዪው፤ እኔ አደርሰዋለሁ።»

አቧራውን ጠርጋ እዚያው መለሰችው።